ክርኑን ብቻ

ሙያዬ ሲመሰገን ደስ የሚለኝ ሴት ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ የማጫውታችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው። አሁን ስድሳ ዓመት አልፎኛል፣ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ግን እጄ ሥራ ካልያዘ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሹራብ እሠራለሁ፣ ኪሮሽ እሠራለሁ፣ ጨርቅ ካገኘሁ እሰፋለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ የቀረሽ ለድመቷ ካልሲ መሥራት ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን በዚህ እጄ አንድ ጊዜ የሠራሁት ሥራ አለ፤ እሱን ሳስብ ሳቁ ይጠፋብኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ አድጌ፣ የመምህርነት ሥልጠናዬን እንደጨረስኩ አንኮበር ተመደብኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ አንድ ወንድ ልጅ ያልጎደለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። እኔ ወንድም የለኝም፤ ስለዚህ ነገሩ በቅርብ አልነካኝም። ቀን አስተምራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ሹራቤን ይዤ እቀመጣለሁ፣ አለቀ።

በዚያን ጊዜ ክር እንደ ዛሬ በየሱቁ የሚንጠለጠል እንዳይመስላችሁ። እኛ የምናደርገው አሮጌ ሹራብ ፈልገን መተርተር ነው። ተርትረን፣ ክሩን አጥበን፣ አድርቀን፣ ጠቅልለን እንደገና እንሠራዋለን። የአባት ሹራብ የልጅ ይሆናል፣ የልጅ ሹራብ ኮፍያ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ሹራብ ስናይ የሚታየን ልብሱ አይደለም፤ ክሩ ነው። እኔ በዚህ ስም አወጣሁ። የባልደረቦቼ ሚስቶች ለአራስ ልጆቻቸው ያዙኛል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ለሬዲዮው የኪሮሽ ልብስ አሠርቶኛል። "የሺ እጇ ወርቅ ነው" ሲባል ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ፣ ልቤ ግን ያብጣል።

የተከራየሁት እትዬ አስካለ ቤት ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሱፍ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ፣ ግርማ፣ ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ሰውየውን አላውቀውም፤ የማውቀው ሹራቡን ነው። ከእትዬ አስካለ አልጋ ራስጌ በሚስማር ተሰቅሎ ይኖራል። "የምትሄዱት ቆላ ነው" ስላሉት ትቶት ነው የሄደው።

ሹራቡ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። ክሩስ ጥሩ ነው፤ ከራሱ ከበጉ የመጣ ጥቁር ቡናማ፣ ቀለም ያልነካው። ሥራው ግን ሥራ አይደለም። ግራ እጅጌው ከቀኙ አራት ጣት ይረዝማል። አንገቱ ዘሟል። ደረቱ ላይ አንድ ቦታ ክር አምልጦ ኖሮ በቋጠሮ ተይዟል፤ ቋጠሮው እንደ ኪንታሮት ብቅ ብሎ ይታያል። ገና በገባሁ ሰሞን፣ "እትዬ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ያንሻፈፈው? በእግሩ ነው እንዴ የሠራው?" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው "የሠራው ሠራው" አሉና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ።

አንድ አርብ፣ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስመጣ ደብዳቤ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የግርማን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አጭር ናት። ፈቃድ ተሰጥቶኛል፣ በዚህ ወር መጨረሻ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት እገባለሁ፣ እዚያ ጠብቂኝ፣ አብረን ወደ ቤት እንወጣለን ይላል። የተጻፈችው ከወር በላይ ሆኗታል፤ ያኔ ደብዳቤ እንዲህ ነበር የሚመጣው። የወሩ መጨረሻ የተባለው ያው ያ ሰሞን ነው።

እትዬ አስካለ አላለቀሱም፣ እልልም አላሉም። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ሹራቡን ከሚስማሩ አውርደው በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

"የሺዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"ምን ገዶኝ እትዬ፣ ይዘዙኝ።"

"ክርኑ ተበልቷል። ቆላ ከርሞ ነው የሚመጣው፣ የእኛን ብርድ አይችለውም። እስክንመጣ ክርኑን ብቻ ጣፊልኝ።"

"ይሄማ ምን ሥራ አለው። እኔ አሳምሬ እሠራልዎታለሁ።"

"ክርኑን ብቻ፣ ልጄ። በሌላው አትድከሚበት።"

ሁለት ጊዜ ነው ያሉኝ። ጆሮዬ በደንብ ሰምቷል፤ አልሰማሁም ብል ውሸቴን ነው። ግን እኛ ሰዎች እንዴት እንደምንኖር ታውቃላችሁ። እንግዳ "በቃኝ" ሲል ጠገበ ብለን እናምነዋለን? አናምነውም፤ እንጨምርለታለን። አክባሪ ሰው "ትንሽ" ካለ ብዙ ፈልጎ፣ "አትድከሚ" ካለ ባደረገችልኝ ብሎ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ ይሉኝታ የፈጠራቸው ሴት ነበሩ። "ብቻ" ሲሉኝ አፍረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጃቸው ከሞት አፍ ወጥቶ ሲመጣ ይሄን የተንሻፈፈ ነገር ሊለብስ? እኔ እያለሁ? አይሆንም አልኩ በልቤ።

እሳቸው ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። "ቢዘገይ እሑድ እንመጣለን" ብለውኛል። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የአንገቱን መቋጫ በመቀስ ጫፍ ቆረጥኩት።

ሹራብ ተርትሮ የማያውቅ ሰው ደስታውን አያውቀውም። አንዷን ክር ስትስቧት ረድፉ በሙሉ ተከትሏት ይመጣል። ደረቱ ጋ ያ ቋጠሮ ያዘኝ። ጠብቆ ታስሯል፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት። እየተረተርኩ የጢስና የላብ ሽታ ይሸተኛል። አፍንጫዬን ያዝ እያደረግሁ "እንዴት ያለ ሰው ነው ሳይታጠብ የሚሰቀለው" እላለሁ። ሰዓት ሳይሞላ ሹራቡ አልቆ ክምር ክር ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሩን በሳሙና ሦስት ውኃ አጠብኩት። ከዚያ ጉሙ መጣ። የአንኮበር ጉም ከመጣ ቤት ውስጥ ድረስ ገብቶ ይቀመጣል፤ እንኳን ሱፍ ነጠላም አይደርቅም። አጥር ላይ ባሰጣው እንደውም ውኃ ጠጣ። ወደ ቤት አስገብቼ በከሰል ካውያ ከጨርቅ በታች አድርጌ ጥቂት ጥቂቱን እተኩሰው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ይሄው ሆነ ሥራዬ።

ሱፉ እስኪደርቅ ደግሞ እጄ አያርፍም ብያችኋለሁ። የክርኑ ክር በጣም ተበጣጥሶ ስለነበር ለምንም አይሆንም፤ ሳላጥበው ነው ለብቻ ያስቀመጥኩት። የእኔ ቢጤ ግን ቁራጭ አይጥልም። ከቀይ ጨርቅ ቅዳጅ መዳፍ የምታህል ትራስ ሰፍቼ ያንን ቁርጥራጭ ጠቀጠቅሁባትና መርፌ መሰኪያ አደረግኋት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መርፌዎቼን ሰካሁባት። በጣም አማረችኝ።

እሑድ እትዬ አስካለ አልመጡም። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አለመምጣታቸው ደስ አለኝ፤ ሹራቡ ገና ግማሽ ነበራ። ሰኞ ልጆቹን ከሰሌዳ አስገልብጬ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እጅጌውን ሠራሁ። ሁለቱ እጅጌዎች ልክ ለልክ። አንገቱ ዙሪያውን በድርብ። ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጉንጉን አወጣሁለት፤ ያኔ ይሄን ጉንጉን የሚችል አንኮበር ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ የመጨረሻውን ክር ቋጨሁ።

የክሩን ጫፍ ወደ ውስጥ እየደበቅሁ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። መምሬ ኃይሌና የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሸዋንግዛው ናቸው። ቄስና ሊቀመንበር በዚያ ዘመን አብረው አይሄዱም፤ ይሄ እንኳ አላስገረመኝም።

"አስካለ አልመጣችም?" አሉ መምሬ።

"ገና ናቸው። ግርማን ይዘው ይመጣሉ። ግቡ እንጂ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ።"

ሹራቡን ዘረጋሁላቸው። አቶ ሸዋንግዛው አንዴ አይቶ ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ። መምሬ ኃይሌ እጅጌውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ቆዩ።

"የግርማ ነው?"

"የግርማ ነው። ሲመጣ ይለብሰዋል። አላማረም?"

"አምሯል፣ ልጄ።" እጅጌውን ለቀቁት። "እንግዲህ ስትመጣ ሰው ላኪብን። እኛ መምጣታችንን ግን አትንገሪያት።"

የእናት አገር መዋጮ ሊጠይቋቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። እኔ ዓይኔ ሹራቡ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ወደ አመሻሹ ላይ እትዬ አስካለ ብቻቸውን መጡ። ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል፣ መቀነታቸው ላልቷል። አራት ቀን ሙሉ ከመነኸሪያው ሳይለዩ፣ የመጣ አውቶቡስ ሁሉ ሲራገፍ ቆመው ሲያዩ ከርመዋል።

"በዚህ ሰሞን አልቀናውም መሰለኝ" አሉ መደቡ ላይ አረፍ እያሉ። "ፈቃዱን አራዝመውበት ይሆናል። በሚመጣው ወር ይመጣ ይሆናል።"

"ይመጣል እንጂ። ደግሞም የሚለብሰው ተዘጋጅቷል።"

ፊታቸው በራ። "ጣፍሽልኝ?"

በፎጣ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አደረግሁ። ፎጣውን ገለጡት። በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"እንዴት ያምራል። የማን ነው?"

"የግርማ ነው እንጂ።"

"የግርማስ የታለ?"

"እትዬ፣ እሱ ነው እኮ ይሄ። ተርትሬ እንደ አዲስ ሠራሁት።"

ከዚያ ሁለቱን እጅጌዎች አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው ለኩ። ትክክል ናቸው። እንደገና ለኩ። ደረቱ ላይ ጣታቸው የሆነ ነገር ፈለገ፤ ያ ቋጠሮ የነበረበትን ቦታ ነበር የሚፈልጉት። ያንን ሲያጡ ሹራቡን ወደ ፊታቸው አምጥተው አሸተቱት።

"ሳሙና ሳሙና ይላል" አሉ ቀስ ብለው።

"እትዬ፣ ምነው? ከፋዎት?"

"እሱ ነበር የሠራው።"

"ማን?"

"ግርማ። ትምህርት ቤት እጅ ሥራ ሲማር። ክሩን እኔ ፈተልኩለት፤ መርፌ አጥቶ በጃንጥላ ሽቦ ነው የሠራው። ጓደኞቹ ሴታሴት እያሉ ሲስቁበት እልህ ይዞት ጨረሰው። ግራ እጅጌው ሲረዝምበት፣ 'እማዬ፣ ይሄኛው እጄ ገና ያድጋል' ይለኝ ነበር።" ፈገግ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም። "እሱ ከሄደ ወዲህ አላጠብኩትም። እንደ ለበሰው ነበር።"

"ለምን ታዲያ አልነገሩኝም?"

"የመጣሽ ሰሞን ስቀሽበት ነበር። ልጄ ነው የሠራው ብልሽ ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።"

እኔ በይሉኝታቸው ስመራመር፣ እሳቸው ይሉኝታቸውን ለእኔ አውለውታል።

ሹራቡን አጥፈው ፎጣው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ከድሮው ምንም አልተረፈም?"

ያቺ ቀይ ትራስ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ናት። ሰባት መርፌ ተሰክቶባታል። የክርኑ ክር፣ ያልታጠበው፣ ውስጧ አለ። ዓይኔ አረፈባት። የልጅዎን ሹራብ መርፌ መሰኪያ አድርጌዋለሁ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ቅድም ያማረችኝ ነገር አሁን ነውር ሆነብኝ።

"ምንም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እጅሽ ይባረክ። ደክመሽበታል" አሉኝና ሊተኙ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ሲመጡ ሰው እንድልክ መምሬ ያሉኝን ረስቼዋለሁ። መላክም አላስፈለገ፤ ከመኪና ሲወርዱ ያያቸው ሰው ነግሯል። ረቡዕ ገና ሳይነጋ መምሬ ኃይሌ፣ አቶ ሸዋንግዛውና ጎረቤቶች በሩ ላይ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩአቸውና፣ ሳይነግሯቸው በፊት "አራቱን ቀን እዚያ ቆሜ የጠበቅሁት ማንን ኖሯል?" አሉ። ግርማ ደብዳቤውን ከላከ በኋላ ብዙም አልቆየም ነበር።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የሰውየው ልብስ ይወጣል። በሬሳው ፋንታ ልብሱ ይዘረጋል፣ አልቃሽ ያነሳዋል፣ ዘመድ ያቅፈዋል፣ ሰው እሱን እያየ "ይሄን ለብሶ እንዲህ ብሎኝ ነበር" እያለ ያለቅሳል። ለግርማ የወጣለት አንድ ሱሪና የትምህርት ቤት ደብተር ነበር። ሌላው ልብሱ አብሮት ሄዷል። ሱሪውን ማንም አላስታወሰውም፤ ሱሪ ሱሪ ነው። ለቅሶው አልነሳ አለ።

ከዚያ አብሮት የተማረ ተስፋዬ የሚባል ልጅ ገብቶ የተዘረጋውን አየና "ሹራቡስ?" አለ። "እትዬ አስካለ፣ ያ እጅጌው የሚረዝመው ሹራቡ የት አለ? እሱን አውጡልን እንጂ።" ሌሎቹም ተቀበሉት። "አዎ፣ ሹራቡ፣ ሹራቡ የታለ?"

እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ አላዩም። አንዴ እንኳ አላዩም።

"እሱማ አለቀ፣ ልጄ" አሉ። "ብል በላው።"

እኔ የሠራሁት ሹራብ ከፎጣው አልወጣም። ቢወጣም የሚያውቀው አልነበረም። የአርባው ዕለት ለነፍሱ ብለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሰጡት። ሱሪውን ግን ያዙት፤ በዚያው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

የቀይዋን ትራስ ነገር ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነገው ወር ሆነ። መርፌዎቹን በዋሸሁ ማግስት ነቅዬ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ጠዋት ሲሆን ልናገር እነሳለሁ፤ እሳቸው "ደኅና አደርሽ የሺዬ" ሲሉኝ ደኅና አደሩ ብዬ አልፋለሁ። ውሸት እንደሆነ ሲቆይ ይከብዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። መርቀው ሸኙኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ ድፍረቱን አገኘሁ። ትራሷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አንኮበር ወጣሁ። በሩ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ከአጥር ማዶ አየችኝና "የሺ፣ አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ። ጨርቁን ሳልፈታው ይዤው ተመለስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እጃችሁ ሙያ ያለው ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ዕቃውን አምኖ ሲሰጣችሁ፣ እናንተ ስለምታውቁት ሥራ ሳይሆን እሱ ስለሚያውቀው ዕቃ ጠይቁት። እኔ ዛሬ ሰው የሚጠገን ነገር ሲያመጣልኝ "ማን ሠራው? ማን ለበሰው? የቱን ልንካ፣ የቱን ልተው?" እላለሁ። የጎረቤቴ ልጅ "አንቺ ሴትዮ ሹራብ ነው የምትሠሪው ወይስ ምርመራ" ብላ ትስቅብኛለች። "ክርኑን ብቻ" የሚለኝ ካለ ክርኑን ብቻ እጥፋለሁ፤ ሌላው ቢንሻፈፍ ይንሻፈፍ። ይሄ ግን የእኔን አይክስልኝም። ሹራቡን የተረተርኩት ባለማወቅ ነው፤ "ምንም" ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ያቺን ትራስ ቀድጄ አንድ እፍኝ ክር ብዘረጋላቸው ኖሮ ተስፋዬ ያውቃት ነበር። እናቱ ያቅፏት ነበር።

ትራሷ አሁንም አለች። ቀዩ ጨርቅ ሲያልቅ ከላዩ ሌላ አለበስኳት፤ ከፍቼያት ግን አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህ መርፌም ሰክቼባት አላውቅም። ባለፈው ክረምት ጠርዟ ላይ ስፌቱ ላልቶ ጥቁር ቡናማ ክር ብቅ ብሎ አገኘሁት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ስስ ነው እንጂ የጢስ ሽታው አለ።

ተርፎ ነበር፣ እትዬ።